የዘገየ ለቅሶ፦ ከደሴ እስከ ቴክሳስ የከሰል ጉድጓድ

ይህን የምጽፈው አሜሪካን ላላየና ወደፊትም ለማያይ ለሰፈሬ ሰው ነው። ስለ ፎቅ የሚጠብቅ ካለ ከወዲሁ ተስፋ ይቁረጥ። ፎቁን ከሩቅ አይቼዋለሁ፣ ቆሟል፣ ሌላ የምለው የለኝም። እኔ ይመር እባላለሁ፤ ደሴ ውስጥ የእድር ዳኛ ሆኜ አርጅቻለሁ። ሌላው ሰው አገር ሲጎበኝ ገበያና ሐውልት ያያል፤ እኔ አገርን የምለካው በለቅሶው ነው።

የሄድኩት ሚሌኒየማችንን ባከበርን ማግስት ነው። ታላቅ እህቴን እትዬ ዘነቡን ልጇ ታዲዮስ ዳላስ ድረስ ጠራት። ታዲዮስ ዲቪ ደርሶት የሄደ፣ ታክሲ የሚነዳ ልጅ ነው። እሷ ግን “ያለ ወንድሜ ቦርከና እንኳ አልሻገርም” ብላ እምቢ ስላለች ሁለታችንንም ጠራን። እትዬ ዘነቡን ደሴ ውስጥ የማያውቃት የለም፣ አልቃሽ ናት። እሷ ያላለቀሰችለት ሬሳ ግማሹ እንደተቀበረ ነው የሚቆጠረው። እኔ ድንኳን አስተክላለሁ፣ እሷ ታስለቅሳለች፤ እንዲህ ስንባል ነው የኖርነው።

ረቡዕ።

ዳላስ ገባን። ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ታዲዮስ ቤት ስንሄድ መጀመሪያ ያሰጋኝ የመሬቱ መደልደል ነው። ጦሳን የመሰለ ተራራ ቀርቶ ጉብታ የለም። ውሃ ቢደፉበት ወዴት እንደሚፈስ ግራ ይገባዋል። መንገዱ በመንገድ ላይ ተደራርቦ ሰማይ ላይ ይጠማዘዛል፣ በእግሩ የሚሄድ ግን አንድ ሰው የለም።

“ሰዉ ምን ሆኖ አለቀ?” አለች እትዬ ዘነቡ።

“እማዬ፣ መኪና ውስጥ እኮ ናቸው” አላት ታዲዮስ።

መኪናው መስተዋት ላይ የተለጠፈች፣ መንገድ የምትመራ አንዲት የሴት ድምፅ አለች። ወደ ቀኝ ታጠፍ፣ ወደ ግራ ታጠፍ ትላለች። እህቴ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ “እሺ እናቴ” እያለች ቤት ደረስን። ስንወርድም ሴትዮዋን እራት ሳንጋብዛት መሄዳችን ነውር ነው ብላ ተከራከረች።

የታዲዮስ ሰፈር ቪከሪ ሜዶ ይባላል። አፓርታማው እንደ ንብ ቀፎ ነው። በረንዳው ላይ የበርማው፣ የሱማሌው፣ የኢራቁ ልብስ ጎን ለጎን ተሰጥቷል። ዓለም ሁሉ አንድ ግቢ ውስጥ ይኖራል፣ ግን ማንም የማንንም ስም አያውቅም። እኛ ሰፈር ዶሮ ብትጠፋ እንኳ ስሟን የሚጠራ አይጠፋም።

ገና ሻንጣ ሳንፈታ በሩ ተንኳኳ። ነጭ አሮጊት ናቸው፤ ፀጉራቸው ጥጥ፣ እጃቸው ላይ ከኮክ የተጋገረ ጣፋጭ የሞላው ሳህን። ወይዘሮ ዶርቲ ይባላሉ፣ ከጎን ያለው በር የእሳቸው ነው። እንግዳ መምጣቱን ሰምተው ነው። እትዬ ዘነቡን አዩዋትና ቤቱ በማቀዝቀዣ በረዶ ሆኖ ስለነበር ተመልሰው የራሳቸውን ሹራብ አምጥተው ደረቡላት። በዚያ አገር እስከዚያ ሰዓት ያየሁት ሰው የሚመስል ነገር ይሄ ብቻ ነበር። ኮኩን ጠራርገን በላነው።

ሐሙስ።

የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስም። እትዬ ዘነቡ ድፎ ዳቦ ቆርሳ ሳህኑ ላይ አድርጋ ሦስታችንም ወይዘሮ ዶርቲ በር ላይ ቆምን። ዳቦውን አሽትተው “የኔ ማር” እያሉ አስገቡን። ቤታቸው ንጹሕ ነው፤ ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይቷል፣ ልጅ የላቸውም፣ ያላቸው አንድ ወፍራም ድመት ነው። ከታዲዮስ ጋር ትንሽ ሲያወሩ ቆዩና ልጁ ወደኛ ዞረ።

“ሶ፣ ማለቴ፣ ቅዳሜ እዚህ የሉም። ድመቷን ፊድ አድርግልኝ ነው የሚሉኝ።”

“ወዴት ሊሄዱ ነው?” አልኩ፤ አመሌ ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የመጣው። የወይዘሮ ዶርቲ አያት ከፎርት ወርዝ ወዲያ፣ ወደ ምዕራብ፣ ከሰል ቆፋሪ ነበሩ። አንድ ቀን ጉድጓዱ ውስጥ የታመቀው ጋዝ ፈነዳና እሳቱ ብዙ ሰው በላ። አንዳንዱ ወጣ፣ አያታቸውን ጨምሮ ግን ጥቂቶቹን ማውጣት አቅቷቸው ጉድጓዱን ከነሰዎቹ ደፈኑት። ከተማው ቀስ በቀስ ጠፋ። የቀረው ስማቸው የተጻፈበት አንድ ድንጋይ ነው። በየዓመቱ አንድ ቅዳሜ ዘመድ ተሰብስቦ ስም ይጠራል፣ ደወል ይደወላል። አምና ግን የመጡት ወይዘሮ ዶርቲና ሦስት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ። ቦታው አሁን የአንድ ከብት አርቢ ነው፤ መሬቱን ጋዝ ለሚቆፍሩ ሊያከራይ አስቧል። “ዘንድሮም ሰው ካልመጣ ድንጋዩን አንስቼ ለከተማው ሙዚየም እሰጣለሁ” ብሏቸዋል።

“ሙዚየም ጥሩ አይደለም?” አልኩ።

ወይዘሮ ዶርቲ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ታዲዮስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተረጎመው፦ “አያቴ ያሉት ከድንጋዩ ስር ነው። ድንጋዩ ከተነሳ ላም ነው የሚሄድባቸው። ሌላ መቃብር የላቸውም ይላሉ።”

እትዬ ዘነቡ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ዘቀዘቀችው። ያን ጊዜ የሚመጣው ገባኝ።

“ይመር፣ አፈር በበላን” አለችኝ። “ለቅሶዋን ሳንደርስ ኮኳን በላን።”

ወዲያው ደረቷን እየደቃች ጀመረች። ወይዘሮ ዶርቲ ዳቦው አንቋት መስሏቸው ጀርባዋን መምታት ያዙ፣ ድመቷ ፍሪጅ ላይ ወጣች። ወይዘሮ ዶርቲ አምቡላንስ ሊጠሩ ስልካቸውን አነሱ፤ ታዲዮስ እጃቸውን ይዞ ይለምናል።

“እማዬ፣ ፕሊስ። ሰውየው የሞቱት አንቺ ሳትወለጂ ነው።”

“ታዲያ መቼ ሰማሁ? የሰማሁት ዛሬ ነው።”

እውነቷን ነው። ለአንባቢዬ ማስረዳት አያስፈልገኝም፦ ለቅሶ የሚቆጠረው ከተሰማ ጀምሮ ነው። አሥር ዓመት ውጭ አገር ቆይቶ የመጣ ሰው እናቱ ለሞተችበት ጎረቤቱ በር ላይ ቆሞ ያለቅስ የለም ወይ? እኔም የዳኝነት ድምፄን አውጥቼ በየንኩ፦ ቅዳሜ እንሄዳለን፣ በባዶ እጅ አንሄድም፣ ድንኳን ያስፈልጋል። ታዲዮስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ዓርብ።

ታዲዮስ የዳላሱ የኢትዮጵያውያን እድር ሰብሳቢ ዘንድ ወሰደኝ። ጋሽ በቀለ ይባላሉ፣ ክራባት ያሰሩ፣ ቢሮ የሚሠሩ የተከበሩ ሰው ናቸው። ምግብ ቤት ጓሮ ተቀምጠን ነገሩን አስረዳኋቸው። ሰምተው ጨረሱና መተዳደሪያ ደንቡን ከቦርሳቸው አወጡ።

“አባት፣ እናት፣ ልጅ፣ ወንድም፣ እህት ይላል። የአባል ጎረቤት አያት የሚል የለም።”

“ድንኳን አትትከሉ የሚልስ አለ?”

ገለበጡት። የለም። ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ቆይተው እንደሚያፍር ሰው አወጡት። ለካ እድሩ ከአገር ቤት ያስመጣው ትልቅ ድንኳን አለው፣ አንድ ቀን ተተክሎ አያውቅም። እዚያ ለቅሶው አዳራሽ ውስጥ ነው። አፓርታማ ግቢ ውስጥ ልትከል ያለ ሰው ከማናጀሩ ማስጠንቀቂያ ደርሶታል። ድንኳኑ ከነፕላስቲኩ መጋዘን ተቀምጦ ኖሯል።

“ሜዳው ሰፊ ነው አሉኝ?” አሉ ጋሽ በቀለ፣ በቀስታ።

“ቆላ ሙሉ ሜዳ ነው” አልኳቸው፤ ሳላየው።

በዚያው ለአባላት መደወል ጀመሩ። በስልክ ሲያስረዱ ስሰማ “አዎ፣ ከሰል። አይ፣ ድሮ። አዎ፣ ግን ድንኳኑን እንተክላለን” ይላሉ። እትዬ ዘነቡ ቤት ሆና ስንዴና ሽምብራ ንፍሮ ስትቀቅል ዋለች። ወይዘሮ ዶርቲ ደግሞ ለአገሩ ደንብ ብለው ሳንድዊች ሲሠሩ ዋሉ። በግድግዳው ማዶና ማዶ ሁለቱ አሮጊቶች ለአንድ ሟች ድስትና ቢላ ሲያንኳኩ እኔ መሐል ተቀምጬ እሰማለሁ። ደስ ይል ነበር።

ቅዳሜ።

ጠዋት አርሊንግተን፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ካለ የመኪና ማቆሚያ ተሰባሰብን። ነርስ አለ፣ መጋዘን ሠራተኛ አለ፣ ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ የመጣ የአውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኛ አለ፤ ሁሉም ጥቁር ለብሷል። ወይዘሮ ዶርቲ የታዲዮስ ታክሲ ውስጥ ከእህቴ ጋር ኋላ ተቀምጠው መኪኖቹን ይቆጥራሉ፣ ይሳሳታሉ፣ እንደገና ይቆጥራሉ። ከፎርት ወርዝ ወጣ ብለን ቁርስ በላን። ትኩስ ዳቦ ላይ ነጭ አጥሚት አፍስሰው ያቀርባሉ፣ አጥሚቱ ደግሞ ሥጋ አለበት። አራስ ጥየቃ የሄድን መሰለኝ፤ ግን ጨረስኩት።

ከዚያ በኋላ ፍሬቻችንን በአራት ማእዘን እያበራን ተከታትለን ነዳን። የሆነውን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ከፊት የሚመጣው መኪና ሁሉ ዳር ይዞ ቆመ። ቤት የሚያክሉ ካሚዮኖች ቆሙ። አንዱ ሹፌር ወርዶ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ አደረገ። ታዲዮስ እንዳለኝ የቴክሳስ ደንብ ነው፣ ቀብር ሲያልፍ ይቆማሉ። እኛ አገር ባጃጅ ሬሳና አልቃሽ መሐል ሰንጥቆ ያልፋል። ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ይህን ልደብቅ አልችልም።

ያን ጊዜ ፖሊስ መጣና ታዲዮስ መስኮት ላይ ጎንበስ አለ። የተባባሉትን ታዲዮስ ኋላ እንደነገረኝ እጽፈዋለሁ።

“ሬሳው የቱ መኪና ውስጥ ነው?”

“የለም። ቀድሟል።”

“መቼ ሞተ?”

“ድሮ።”

“ድሮ ስትል?”

ታዲዮስ ወደ ኋላ ጠቆመ። ወይዘሮ ዶርቲ መስኮቱን ከፍተው “አያቴ ነው፣ የኔ ልጅ” አሉ። ፖሊሱ ወይዘሮ ዶርቲን አየ፣ እህቴን በተዘቀዘቀ ነጠላዋ አየ፣ ከኋላ የተሰለፈውን አበሻ አየ። ወደ መኪናው ሄዶ መብራቱን አብርቶ ከፊታችን መራን።

ቦታው ሣር ብቻ ነው። አንድ የጭስ መውጫ ፍርስራሽ፣ ሽቦ፣ ላሞች፣ ከዚያ ያ ድንጋይ። የአምናዎቹ ሦስት ሽማግሌዎች ተጣጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እኛን ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሱና ቦታ የተሳሳትን መስሏቸው መንገዱን ሊያሳዩን መጡ። ፀሐዩ ያቃጥል ስለነበር ጋሽ በቀለ ድንኳኑ ድንጋዩ ላይ ይሁን አሉ። ፕላስቲኩን ራሳቸው ቀደዱ፣ ክራባታቸውን ፈትተው ካስማ ቀጠቀጡ። ድንጋዩ ድንኳን ውስጥ ገባ፣ እኛም ዙሪያውን ተቀመጥን።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ የመጀመሪያውን ስም አነበበ፣ ሌላው ደወል መታ። ሁለተኛውን ሊያነብ ሲል እትዬ ዘነቡ እጇን አነሳች።

“ቆይ። ይሄ ሰው ማነው? ከየት መጣ? ሚስት ነበረው?”

ታዲዮስ ጠየቀ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ ከፖላንድ ሳይሆን አይቀርም አለ፣ ሌላው ሜክሲኮ ነው አለ።

“የማያውቁትን ሰው ምን ብዬ ላልቅስለት?” አለች እህቴ፣ እየተናደደች። “ስም ብቻ ጠርቶ ደወል መምታት ተማሪ ቤት ነው።”

በዚህ ተቆጥተው ይሁን ተሰምቷቸው፣ ሽማግሌዎቹ ከእናታቸው የሰሙትን ፍርፋሪ ማውጣት ጀመሩ። አንዱ ሟች ጫማ ይወድ ነበር። አንዱ ሊያገባ ሳምንት ቀርቶት ነበር። እህቴ በእያንዳንዱ ታለቅሳለች፣ አበሻው ይቀበላል፣ ደወሉ ይመታል። ወይዘሮ ዶርቲ ጋ ደረሰ። ስለ አያታቸው የሚያውቁት አንድ ነገር ነው፦ ጉድጓድ ውስጥ መዝፈን ይወድ ነበር፣ ድምፁ ግን ከመክፋቱ የተነሳ ከሰል የምትጎትተው በቅሎ ትሸሸው ነበር። ሲሞት ደግሞ ልጁን ሳያሳድግ፣ ገና ጎረምሳ ሆኖ ነው። እህቴ ትንሽ አሰበችና አወጣችው፦

ስትዘፍን ሰምታ በቅሎህ የሸሸች፣
ምነው ያን ዕለት ይዛህ በወጣች።

ታዲዮስ ሲተረጉምላቸው ወይዘሮ ዶርቲ መጀመሪያ ሳቁ። ሳቁ አልቆም አላቸውና ወደ ለቅሶ ዞረ፤ እድሜያቸውን ሙሉ ይዘውት የኖሩት ይመስላል። እትዬ ዘነቡ አቅፋ ያዘቻቸው። እኔም ሥራዬ ነውና “እግዜር ያጥናዎ” አልኳቸው።

ከዚያ ለቅሶ ቤት ሆነ። ንፍሮውና ሳንድዊቹ ዞረ። ወጣቶቹ ካርታ አወጡ፣ ሽማግሌዎቹ ዶሚኖ አወጡ፣ ፖሊሱ ንፍሮ በባርኔጣው ይዞ ቆሟል። ከሰዓት በኋላ ባለመሬቱ መጣ። ግንድ የሚያክል ሰው ነው፣ ከኋላው ክሬን ያለው መኪና አስከትሏል። ለካ ሰው መጣ አልመጣ ሳያይ ቁርጡን ቆርጦ ኖሯል። ወይዘሮ ዶርቲ መኪናውን ሲያዩ እጃቸው ያለው ንፍሮ ፈሰሰ።

“ድንጋዩ የት ሄደ?” አለ ባለመሬቱ።

“ድንኳን ውስጥ ነው። ለቅሶ ላይ ነው” አለው ታዲዮስ።

ገብቶ አየን። “እነዚህ ዘመድ አይደሉም፣ አይቆጠሩም” አለ። እኔ ተነሳሁ። “ለቅሶ ላይ ዘመድ የሚለየው ማነው?” አልኩት። መቼ ትሄዳላችሁ ሲል ደግሞ እውነቱን ነገርኩት፦ ሰልስት ሳይወጣ አንነሳም፣ ሦስተኛው ቀን ነው። ታዲዮስ አልተረጉምም አለኝ። ተቆጣሁትና ተረጎመ። የሰውየው ፊት ቲማቲም ሆነ።

ሊመልስ አፉን ሲከፍት የሜዳው ነፋስ ተነሳ። ድንኳኑ እንደ ጃንጥላ ተነፋ፣ ካስማ ተነቀለ፣ የመሐሉ ምሰሶ ወደ ሽማግሌዎቹ ዘመመ። ባለመሬቱ ዘሎ ምሰሶውን አቀፈው። ቢለቅ በአሮጌ ሰዎች ላይ ሊወድቅ ነው፣ አልለቀቀም። እዚያው ምሰሶ አቅፎ፣ ባርኔጣው በርሮ፣ ራሰ በራውን ቀርቶ ቆመ። ወንዶቹ ካስማውን መልሰው እስኪመቱ እትዬ ዘነቡ ቀና ብላ አየችው። ማን እንደሆነ አልነገርናትም፤ ባርኔጣ የሌለው፣ ምሰሶ የያዘ፣ ፊቱ የቀላ ሰው ነው የምታየው። እኛ ሰፈር እንዲህ ሆኖ የሚቆም ባለሐዘን ነው።

“ይሄ ደግሞ ማን ሞቶበት ነው?” አለች።

ታዲዮስ በስህተት ይሁን በተንኮል እሷ እንዳለችው ጠየቀው። ሰውየው ምሰሶውን አጥብቆ ያዘ። ነፋሱ ሸራውን ሲመታ ይሰማል። “አባቴ” አለ። “በጸደይ።” አባቱን ሲቀብሩ ሁሉ ነገር ምሳ ሳይደርስ አልቆ ሁሉም ወደ ሥራው ሄደ አለ። ስለ አባትህ ንገረኝ አለችው። ሲስቅ ታይቶ አያውቅም አለ፣ ግን ለእያንዳንዷ ላም ስም ነበረው፤ አሁን ስማቸውን የሚያውቅ የለም።

ላሙን በየስሙ ትጠራ የነበርህ፣
ማን በስም ይጥራህ ዛሬ አፈር ለብሰህ።

አበሻው ተቀበለ። ከፈረቃ የመጣው ልጅ፣ የራሱን አባት ቀብር በስልክ የሰማው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ። ባለመሬቱ ግንባሩን ምሰሶው ላይ ደገፈ። ጋሽ በቀለ ምሰሶውን ሊቀበሉት ቢሞክሩ አልሰጥም አለ።

ካስማው ከጠበቀ በኋላ ፊቱን ጠርጎ ወጣና የክሬኑን ሹፌር አነጋገረው። መኪናው ባዶውን ዞሮ ሄደ። ተመልሶ ወይዘሮ ዶርቲ ፊት ቆመ፤ ታዲዮስ እንደተረጎመልኝ “እኔ በሕይወት እስካለሁ አይነሳም” አላቸው። እኔንም አየኝና ሰልስቱን እዚህ ማውጣት ግዴታ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። በዳኝነቴ ማርኩት። በዚያች ቀን እንዲበቃ በየንኩ።

ድንኳኑን ስንነቅል ወይዘሮ ዶርቲ ድንጋዩ አጠገብ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ጎንበስ ብለው፣ እጃቸውን ድንጋዩ ላይ አድርገው፣ የሆነ ነገር ተናገሩ። ምን እንዳሉ ታዲዮስን ጠየቅኩት። 

“‘አይዞህ ልጄ፣ የትም አትሄድም’ ነው ያሉት።”